አምስትን አራት ያለች እናት

ቁጥር ዓይነት ዓይነት እንዳለው ያወቅሁት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነው። እስከዚያ ድረስ ቁጥር ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሜትሬ ላይ የተሰለፈው፣ ከአንድ ጀምሮ እየጨመረ የሚሄደው፣ ወገብና ትከሻ የምለካበት። ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው ትምህርት ያቆምኩት። አባታችን ሲያርፍ አንድ ሰው ቤት መዋል ነበረበት፤ ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት በመጠየቅ ነው። ሲግናል አካባቢ ያለችው የልብስ ስፌት ሱቄ የማታስተናግደው ሰው የለም፤ ነርሷ ትመጣለች፣ ሾፌሩ ይመጣል፣ ቄሱ ይመጣሉ፣ አስተማሪዋ ትመጣለች። ሰው ልኬት ሲወሰድለት ዝም ብሎ መቆም ያሳፍረዋል መሰለኝ፣ ያወራል። እኔም እጠይቃለሁ።

የዚያን ዓመት ግን የጠየቅሁት ለማወቅ ጓጉቼ ብቻ አልነበረም። እናቴ ከሰው እየወጣችብኝ ነበር። አልታመመችም፤ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ጌሾዋን ትኮተኩታለች። ለቅሶ መድረስ ግን ትታለች። እኛ ሰፈር ለቅሶ የማይደርስ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አልነግረውም። የቀረችበት ለቅሶ በዛ፣ ሰውም መጠየቅ ጀመረ፤ ከዚያም መጠየቁን ተወ። የከፋው መጠየቁን ሲተው ነው።

ምክንያቱን ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ቤታችን የካ ከላይ ነው፤ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ ከሚጀምርበት፣ ኮብልስቶኑም አልቆ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት። ከዚያ በላይ እንጦጦ ነው። እናቴ የወለደችን እዚያ ነው፣ አምስታችንንም። አንድ ታላቅ ወንድም አለን፤ ቀጥሎ ሁለት እህቶቼ ናቸው፣ ሁለቱም አግብተው ክፍለ ሀገር ወጥተዋል። ቀጥሎ እኔ። ከእኔ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ አለቀ ከተባለ በኋላ፣ የመጨረሻው ወንድሜ መጣ።

እሱ በተወለደ ሰሞን፣ ገና ክርስትና ሳይነሣ፣ የዕድሩ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር። አዲስ ደንብ አውጥተው የየአባሉን ልጆች ቁጥር ይጠይቃሉ። እናቴ እጓዳ ተኝታለች። ሕፃኑ ከጎኗ፣ በጋቢ ተጠቅልሏል። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ከሰዎቹ ኋላ ደግሞ አንዲት ጎረቤታችን ተከትላ ገብታለች፤ ዓይኗ ክፉ ነው የምትባል ሴት። እውነት ይሁን ሐሰት አላውቅም፤ ይባል ነበር።

"ስንት ልጆች አሏችሁ?" አሉ ሰውዬው።

ልጅ አይቆጠርም። ይህን ያላወቀ ሰው ነው እንዲህ ፊት ለፊት የሚጠይቅ። እናት "ስንት አለሽ?" ስትባል "እግዜር የሰጠኝን" ትላለች፣ ወይ ትስቃለች፣ ወይ ወሬ ትቀይራለች። ዕድር ግን "እግዜር የሰጠኝን" ብሎ አይቀበልም፤ ቁጥር ይፈልጋል። እናቴ ሴትየዋን አየች። ጋቢውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

"አራት" አለች።

አባቴ ሊያርማት አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አየና ዘጋው።

በኋላ ትነግራቸዋለች ተብሎ ነበር። ክርስትናው ይለፍ ተባለ። ክርስትናው አለፈ፤ ጥርስ ያውጣ ተባለ። ጥርስ አወጣ። አባቴ ሞተ። ሕፃኑን አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ ጌሾ ይዛ ገበያ ስትወርድ እሱ ጀርባዬ ላይ ነበር። ኩፍኝ ሰፈሩን ሲጨርስ እሱን ሳይነካው አለፈ። ትንሽ ከፍ ሲል ከባሕር ዛፍ ላይ ወደቀ፤ ተነሥቶ አፈሩን አራገፈና ሄደ። ያን ቀን እናቴ ቀስ ብላ ጆሮዬ ሥር "አየሽ? ያልተቆጠረ አይታይም" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለዕድሩ የመናገሩ ነገር ተረሳ ልበል? አልተረሳም። ሆን ተብሎ ተተወ። ስለተሸሸገ ነው የተጠበቀው ብላ አመነች። እኔም አምኜ ነበር።

እሱም ሲያድግ ነገሩን ሰማ። ማን እንደነገረው እንጃ። አልከፋውም፤ ጨዋታ አደረገው። መገናኛ ታክሲ ላይ ረዳት ሆኖ ነበር የሚሠራው። "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ የሚጮኸው ድምፁ እስከ ባቡሩ ድልድይ ይሰማ ነበር። ሦስት ቦታ ባዶ ሆኖም "አንድ ሰው" ይላል፤ ሲሞላም "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው" ይላል። በእሱ ሒሳብ አንድ ከሦስትም ከዜሮም እኩል ነበር። ማታ ሲገባ ጫማውን እያወለቀ እናቴን ይነካካታል።

"እማዬ፣ እኔ እኮ እዚህ ቤት ትርፍ ነኝ።"

"ዝም በል አንተ።"

"እውነቴን ነው። አራት ሰው ነው የተፈቀደልሽ፤ እኔ ከመጠን በላይ ነኝ። ትራፊክ ከመጣ ጎንበስ እላለሁ።" ጎንበስም ይላል፣ ከወንበሩ ኋላ። እናቴ ስቃ አትጠግብም ነበር።

ሃያ አራት ዓመት ሲሆነው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ እሄዳለሁ ብሎ ተነሣ። ያልለመነው የለም። ታላቅ ወንድማችን እሱ በሚሠራበት ጋራዥ ሥራ ላግኝልህ አለው፤ እምቢ አለ። መጨረሻ የደወለው ጅቡቲ ደርሶ ነው። ስልኩን እናቴ ያዘች፣ እኔ ጆሮዬን አስጠጋሁ። "ባሕሩን እያየሁት ነው" አለ። "እማዬ፣ ዳር የለውም። እንጦጦ ላይ ወጥተሽ ከተማው በጉም ሲሸፈን የምታይውን አስቢ፤ እንደሱ ነው፣ ግን ይንቀሳቀሳል።" ደግሞ ሳቀና "አይዞሽ፣ እኔ እንደሆንኩ አልታይም" አላት።

ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ የላይ ሰፈር ልጅ ከየመን ተመለሰና ለታላቅ ወንድማችን አንድ ወሬ ነገረው። እሱ በሄደ ሰሞን የተገለበጠች ጀልባ ነበረች፤ ወንድሜም በእሷ ተሳፍሯል ይባላል። ልጁ አላየም። የሰማው ነው። የነገረውም ሰው የሰማ ነው።

ታላቅ ወንድሜ በማግሥቱ እናታችን ጋ መጣ። ጌሾው መሀል ቆማ እየኮተኮተች ነበር፤ ሳይቀመጥ ነገራት። ከዚያ፣

"እማዬ፣ ድንኳን እንጣልና እናልቅስለት" አላት።

"ያየ ሰው አለ?"

"ሰምቷል እኮ ነው የምልሽ።"

"መስማትማ እኔም ስሰማ ነው የኖርኩት። ያየ አለ ወይ ነው ያልኩህ።"

"እማዬ፣ እንዲህ ተንጠልጥሎ መኖር ደግሞ ምንድነው? አልቅሶ መውጣት አንድ ነገር ነው። አንቺም ታርፊያለሽ፣ እኛም እናርፋለን፣ እሱም ጸሎት ይደረግለታል።"

ኩትኳቶውን ቀጠለች። ክፉ ልጅ አይደለም ወንድሜ፤ መጠበቅ የማይችል ሰው ነው። መኪና እንኳ ሲበላሽ ቶሎ ከፍቶ የተሰበረውን ማየት አለበት፤ ድምፁን ሰምቶ መገመት አይወድም። እናቴን ሳያስፈቅድ ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄደ።

ዳኛው ራሳቸው ቤት ድረስ መጡ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ታናሽ ወንድሜ ታክሲ ላይ ሒሳብ እየተቀበላቸው፣ አንዳንዴም እየተወላቸው ነው ያደገው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉና ሲቸገሩ ቆዩ።

"ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሰዉ፣ ሁሉም ዝግጁ ነው፣ እትዬ" አሉ። "ዕድራችን ለእርስዎ ነፍጎ አያውቅም። ግን በእኛ ዘንድ ያለው የልጆችዎ ቁጥር አራት ነው። አራቱም ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናቸው።"

"ልጁን ያውቁታል" አለ ወንድሜ።

"እኔማ አውቀዋለሁ፣ ልጄ። ሰፈሩስ ማን የማያውቀው አለ? ግን ደንባችንን አንተም ታውቃለህ። ልጅ የሚጨመረው በአባት ወይ በእናት አንደበት ነው፣ በጉባኤ ፊት። ጎረቤት አይጨምር፣ ወንድም አይጨምር። እሑድ ይምጡና እትዬ፣ ቆመው አንድ ቃል ይበሉ። 'አምስት ነው' ይበሉ። ከዚያ በዚያው ሳምንት ድንኳኑ ይተከላል።"

እናቴ ዳኛውን ሳይሆን መሬቱን እያየች፣

"ለመጀመሪያ ጊዜ የምቆጥረው ልቀንሰው ነው?" አለች።

ዳኛው ባርኔጣቸውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ። ቡናም ሳይጠጡ ወጡ።

ያን ቀን እኔና እሷ ብቻ ስንቀር የነገረችኝን ዛሬም በጆሮዬ እሰማዋለሁ። "አምስት ሆናችሁ አራት አልኩ። እሱ ሄደ። አሁንም አራት ናችሁ። ልጄ ሄዶ እንኳ ቁጥሩን አልነካውም። ከአንዱም ቦታ አልጎደለም። እንዲህ አድርጌ ነው የሠራሁት፤ ቢኖርም ባይኖርም እኩል እንዲሆን።"

"እማዬ፣ ልትጠብቂው ብለሽ ነው እኮ።"

"ማን ከማን እንደሰወረው ነው የማላውቀው። ክፉ ዓይን አላየውም። እግዜርስ አይቶታል?"

ለቅሶ መድረስ ያቆመችው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። በሰው ድንኳን ስትቀመጥ "የእሷስ መቼ ነው?" የሚሏት ይመስላታል። እሑድ መጣ፣ አልሄደችም። የሚቀጥለው ወር ስብሰባም መጣ፣ አልሄደችም። ወንድሜ ከእሷ ጋር መነጋገር እያቃተው በእኔ በኩል ይልክባት ጀመር። እኔ ደግሞ ስፌት ላይ ተቀምጬ እግሬ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ጭንቅላቴ ያችን ሒሳብ ይደጋግማል፤ ከአራት ላይ አንድ ጠፍቶ አራት የሚቀርበት።

በዚያ ሰሞን ነው አስተማሪዋ የመጣችው። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ሒሳብ ነው የምታስተምረው። ለትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን የጠረጴዛ ልብስ አዝዛኝ ነበር። ልለካላት ስል ድንገት አፌ ላይ መጣ።

"ቲቸር፣ ከአራት ላይ አንድ ነገር ቀንሰሽ አራት ይቀራል?"

ሳቀች። "ይቀራል እንጂ እትዬ፤ የቀነሱት ዜሮ ከሆነ።"

መቀሱን አስቀመጥኩ። እሷ የተናገረችው የክፍል ውስጥ ነገር ነው፣ ምን ታውቃለች። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን ያመማት ምን እንደሆነ በስሙ ሰማሁት። ዜሮ አድርጋዋለች። ወዳ፣ ሳስታ፣ ፈርታ፣ ዜሮ።

"ዜሮ ግን ቁጥር ነው?" አልኳት።

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አለች፤ ለተማሪዎቿ የምትመልስበት ድምፅ ነው መሰለኝ። ከዚያ በጠመኔዬ አንድ ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ላይ መስመር አሰመረችልኝ። "ሰው በግ ሲቆጥር፣ ሰው ሲቆጥር ከአንድ ነው የሚጀምረው። መቁጠሪያ ቁጥሮች እንላቸዋለን። ዜሮ ውስጣቸው የለም፤ ማንም 'ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት' ብሎ በግ አይቆጥርም። ዜሮን ሲጨምሩበት ሙሉ ቁጥሮች ይሆናሉ። ከዜሮ ወደ ግራ ሲወርዱ ደግሞ ኔጌቲቭ አሉ፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ወረደ እንደሚባለው። በመሀል በመሀላቸው ደግሞ ክፍልፋዮች አሉ፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ሲሶ።"

የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ትዝ አለኝ። የግዕዙ ቁጥር ዜሮ የለውም። አሥር የራሱ ፊደል አለው፣ ሃያም የራሱ፣ መቶም የራሱ። ሕፃን ሆኜ አባቴ ሲያስቆጥረኝ ይህን ልብ አላልኩትም ነበር። የጥንቶቹ ሰዎች ለሌለ ነገር ምልክት ሳያስፈልጋቸው ኖረዋል። አሁን ሳስበው ለእናቴ ያ ቁጥር ነበር የሚሻላት። ያለውን ብቻ የሚያውቅ ቁጥር።

"ከእነዚህ ሌላ የለም?" አልኳት።

"አለ። እሱን ግን ሌላ ቀን" አለችና ሄደች፤ የክፍል ሰዓቷ ደርሶ ነበር።

ሌላ ቀን መጣች፣ የጠረጴዛው ልብስ ሊያልቅ ሲል። በአራቱም ጎን እኩል አንድ አንድ ሜትር ነው። ከጥግ ወደ ጥግ፣ በሰያፉ፣ አረንጓዴ ሪባን እንዲሰፋበት ፈልጋለች። ሪባኑን ስቆርጥ ትርፍ አስቀረሁለት። እንዲህ ማድረግ ልማዴ ነው። በሰያፍ የተለካ ነገር ልክ ሆኖልኝ አያውቅም፤ አንድ ሜትር ከአርባ አንድ ሴንቲ ይላል፣ ግን አለፍ ይላል፤ አርባ ሁለት አይሞላም። ሚሊውን ብቆጥር ሚሊው ላይ አያርፍም፤ እሱንም አለፍ ይላል። የስፌት ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ምክንያቱንም ያውቃል፤ ጨርቅ በሰያፍ ይሳሳባል። እኔም ስፌት ከያዝኩ ጀምሮ ጨርቁን ነው የምረግመው።

ይህንኑ ነገርኳት። "ይሄ ጨርቅ ይሳባል ቲቸር፣ ለዚህ ነው ልክ የማይመጣው።"

"ይሳብ ይሆናል" አለች። "ግን በብረት ቢሠሩትም ልክ አይመጣም። ጥፋቱ የጨርቁ አይደለም።"

"እንዴት አይደለም?"

"ጎኑ አንድ ከሆነ ሰያፉ የሚሆነው ቁጥር በሜትርም፣ በሴንቲም፣ በሚሊም፣ ከዚያ በቀጠነ ሜትርም ቢለኩት ልክ አያርፍም። ይህን ያህል ከዚህን ያህል ብለው በክፍልፋይ ሊጽፉት አይችሉም። በአስርዮሽ ቢጽፉትም አያልቅም፤ እየተደጋገመም አይመጣም። ኢራሽናል ይባላል። ይሄኛው ስኩዌር ሩት ሁለት ነው።"

"ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ነው?"

"እስከ መጨረሻው የሚያውቅ የለም። መጨረሻ የለውማ።"

"እና የለም በያ።"

አየችኝ። እጇን ጨርቁ ላይ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ አንሸራተተችና "ኧረ እትዬ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ተዘርግቶ እያዩት?" አለች።

ያን ዕለት ሱቁን ቀደም ብዬ ዘጋሁ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ከተቆረጠው ጨርቅ የተረፈ ቁራጭ ይዤ፣ በአራቱም ጎን አስተካክዬ፣ በታክሲ ጥቂት፣ በእግሬ ብዙ ወጣሁ። እናቴ ደጃፍ ላይ ጌሾ አስጥታ፣ ከጎኑ ተቀምጣ ቅጠሉን ከእንጨቱ ትለያለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ አነጠፍኩት፤ ሜትሬንም አወጣሁ።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

"ለኪው እስቲ። ከዚህ ጥግ እስከዚህ ጥግ።"

ለካች። ዓይኗ ስለደከመ ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። "አለፍ ይላል" አለች።

"ልክ ሆኖ እንዲመጣ አድርጊው።"

"አይመጣማ። ይሳሳባል።"

"አይደለም እማዬ። ጨርቁ አይደለም።" አስተማሪዋ የነገረችኝን እንደቻልኩ ነገርኳት፤ ስለማያልቀው፣ ስለማይደጋገመው። ሁሉንም በትክክል መናገሬን እንጃ። ስጨርስ እናቴ ቅጠል የያዘውን እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

"አንቺ ልጅ፣ ልጄን በጨርቅ ልታስረጂኝ ነው የመጣሽ?"

አፈርኩ። "አይ…"

"ልጄ ቁራጭ ነው?"

"አይደለም እማዬ።"

ጨርቁን አጥፋ ልትመልስልኝ ዘረጋች፤ ግን አለቀቀችውም። በሰያፉ እንደታጠፈ፣ የሻሽ አስተጣጠፍ፣ በሁለት ጣቷ መሀል ይዛው ቆየች።

"መጨረሻው ካልታወቀ በምን ይጠሩታል?" አለች።

"ምልክት አለው።"

"ማን አወጣለት?"

"እንጃ። የጥንት ሰዎች። ግን መጨረሻውን ሳይጠብቁ ነው የሚጠሩት። ከሌሎቹ ጋር ይደምሩታል። መስመሩ ላይም ቦታ አለው፤ ቲቸር አሳይታኛለች፣ በአንድና በሁለት መሀል፣ የራሱ ቦታ ነው፤ ሌላ ቁጥር አይቀመጥበትም።"

"ሳይጠብቁ?"

"ሳይጠብቁ።"

ከእንጦጦ በኩል ነፋስ መጣ፤ የባሕር ዛፉ ድምፅ ከላይ ወደ እኛ ወረደ። እናቴ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። "ሊያካፋ ነው" አለች። "ተነሺ፣ ጌሾዬን አስገቢልኝ።" አስገባሁ። ያደከምኳት መስሎኝ ቅር እያለኝ ወረድኩ። ሰው ሲያዝን ሒሳብ ይዞ መሄድ ምን የሚሉት ነገር ነው እያልኩ።

በሚቀጥለው ወር፣ የዕድሩ ስብሰባ በሚውልበት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ልጠይቃት ብገባ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከዘራዋን ይዛ ቆማ አገኘኋት።

"ትመጪ እንደሆነ ነይ" አለችኝ።

ስብሰባው የዕድሩ ዕቃ በሚቀመጥበት ግቢ ነው የሚካሄደው። ወንበሮቹ ተደርድረዋል፤ ድንኳኑ ተጠቅልሎ ግድግዳ ሥር ተጋድሟል። ታላቅ ወንድሜ አስቀድሞ መጥቷል። እናቴን ሲያያት ፊቱ ላይ እፎይታም ድንጋጤም አብረው መጡ። ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት፤ አልተቀመጠችም። ዳኛው ጉባኤውን በጸሎት ከፈቱና ወደ እሷ ዞሩ።

"እትዬ፣ ቃል ካለዎት…"

እናቴ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ከዘራዋን በሁለት እጇ ይዛ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

"አራት ብዬ ነበር" አለች። "ያኔ ሕፃን ታቅፌ ነበር፣ ፈራሁ። ልጆቼ አምስት ናቸው።" ከዚያ፣ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን ነገር፣ እያንዳንዳችንን በየስማችን ጠራችን። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጣት አጠፈች። የመጨረሻውን ስም ስትጠራ ድምፅዋ ቀጠነ እንጂ አልተቆረጠም።



ዳኛው በቀስታ፣ "እግዚአብሔር ያጽናዎት። እንግዲህ ድንኳኑን ረቡዕ…" ሲሉ አቋረጠቻቸው።

"ድንኳን አልጠየቅሁም።"

"እትዬ?"

"አንደኛው የት እንዳለ አላውቅም። መሞቱን አላውቅም፣ መኖሩን አላውቅም። መጨረሻውን አልነገሩኝም። እኔ የመጣሁት ልቆጥረው ነው። አምስት ይበሉልኝ፤ ሌላውን እኔም አላውቀው።"

ወንድሜ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ዳኛው ግራ ተጋብተው አጠገባቸው የተቀመጡትን ሽማግሌ አዩ፤ ሽማግሌውም መልሰው አዩዋቸው። እንዲህ ያለ ነገር በደንቡ የለማ፤ ልጅ ይጨመራል፣ ልጅ ይቀነሳል። ከዚያ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሀል፣ አንዲት ጎረቤታችን፣

"እኛማ መቼ አራት ብለን እናውቃለን!" አለች። "እሱ አይደል እንዴ ታክሲ ላይ እኛን ሲቆጥር ያደገው!"

ሳቅ ተሰማ፣ ወዲያው ታፈነ፤ ከሳቁ ሥር የሚያለቅስም ሰው ነበር። ዳኛው ቆሙ። "አምስት" አሉ፤ ጮክ ብለው፣ ለጉባኤው። "አምስት ነው" አለ ጉባኤው። ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ፤ የወንበር ጥገና ነበር።

እናቴ በዚያው ሳምንት ታች ሰፈር ለቅሶ ደረሰች። ከእኔ ጋር ሄደች፣ ሴቶቹ መሀል ገብታ ተቀመጠች፣ አለቀሰች። የማንን እንዳለቀሰች አልጠየቅኋትም። ደህና ሆነች ብል ውሸት ነው፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር አሁንም እጇ ይቆማል። ግን ከሰው ጋር ናት። አንዲት አዲስ ጎረቤት "ስንት ልጆች አሏቸው እናትሽ?" ብላ እኔን ስትጠይቀኝ፣ ከውስጥ ሆና "አምስት!" ብላ ስትመልስ ሰምቻታለሁ።

ያን እሑድ ከግቢው ስንወጣ ታላቅ ወንድሜ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ኮብልስቶኑ ላይ ጠበቅሁት።

"ጋሼ፣ ተናደድክ?"

"አልተናደድኩም" አለ። ጥቂት ተራመደ። "ለለቅሶው ተዘጋጅቼ ነበር። ለእንዲህ ያለው አልተዘጋጀሁም።"

ለረዥም ጊዜ ነገሩን አላነሣም። ከዚያ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከየመንና ከሳዑዲ የሚመለሱ ልጆች ቦሌ የሚገቡበትን ቀን ከሰው እያጣራ ጋራዡን ማስፈቀድ ጀመረ። በዚያ ቀን የሥራ ቱታውን ያወልቃል፣ ይታጠባል፣ ይሄዳል። በር ላይ ቆሞ የሚወጡትን የታናሽ ወንድማችንን ፎቶ በስልኩ እያሳየ ይጠይቃቸዋል። አላየንም ይሉታል። እግዜር ይስጥልኝ ይላቸዋል፤ የሚደውሉበት ስልክ የሌላቸው ካሉ የራሱን እየሰጠ ቤተሰቦቻቸው ጋ ያስደውላቸዋል። ከዚያ በታክሲ ወደ መገናኛ ይመለሳል።

አሁንም ይሄዳል።